ጭስ ያጣ ቤት

ተረት አለኝ። «ከጎተራው ይዝገኑልን» በሉኝ።

በሉ እንጂ! ምሳውን እንዳልበላ ሰው አታጉረምርሙ፤ ጮክ ብላችሁ በሉ። ደግ። እንግዲህ ጎተራው ተከፈተ። አንተ በሩ ላይ የቆምከው፣ ግባና እግርህን ሰብስበህ ተቀመጥ። ይህ ተረት የሚያስቅ አይደለም። መሳቅ የፈለገ ወደ አጎቱ ይሂድ፤ የጦጣና የጅብ ተረት እሱ ዘንድ ሞልቷል።

ድሮ፣ ገንዘቡ ጨው በነበረበት ዘመን፣ ድፍርስ የሚባል ወንዝ ነበረ። ጨው ያኔ እንደ ድንጋይ ተጠርቦ ይመጣል፤ አሞሌ ይሉታል። በአሞሌ በሬ ይገዛል፤ በአሞሌ ግብር ይከፈላል፤ የከፋ ቀን ደግሞ ጠርዙን ልሰው ያድራሉ።

ድፍርስ በበጋ ጉልበት አይደርስም። በክረምት ግን በሬ ይበላል። ሲራራ ነጋዴዎች በቅሏቸውንና አህያቸውን እየነዱ የሚሻገሩት በበጋ ነው። መስቀል ካለፈ በኋላ ይመጣሉ፤ ሰኔ ሲገባ መንገዱ ይዘጋል። መሻገሪያው አጠገብ ጭነታቸውን ያራግፋሉ፤ ገበያ እስኪቆም ይሰነብታሉ፤ ለማደሪያቸውም በአሞሌ ይከፍላሉ።

በዚያ አገር ቢሻው የሚባል ገበሬ ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ተረቱ ይቀለኝ ነበር። ሚስቱ ደብሬ ትባላለች። ስንዱ የምትባል ገና የተወለደች ልጅ ነበረቻቸው። ሦስት ማሳ ነበራቸው፤ አንዱ ወንዝ ዳር፣ አንዱ ኮረብታው ሥር፣ አንዱ ከጓሮ። የጓሮው ማሳ ደብሬ ከአባቷ የወረሰችው ርስት ነው። የሚበሉት ሁሉ ከነዚህ ከሦስቱ ይወጣ ነበር።

አንድ ቀን ቢሻው ኮረብታው ላይ ሆኖ ወደ መሻገሪያው ቁልቁል አየ። ከማደሪያ ቤቶቹ ሁሉ ጭስ ይወጣል። ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ጠራት።

«ጭሱን አየሽ?» አላት። «ከያንዳንዱ ጭስ ሥር የሚከፍል ሰው አለ። እኛ ዓመቱን ሙሉ አፈር እንገፋለን። እነሱ ተኝተው ይከፈላቸዋል። እኔም ቤት እሠራለሁ።»

«ክረምት ማን ይከራየዋል?» አለች ደብሬ።

«አንቺ ደግሞ! ጭሱን አታዪም?»

ለቤት መሥሪያ እንጨት ያስፈልጋል፤ ሣር ያስፈልጋል፤ አናጢ ያስፈልጋል። ቢሻው አሞሌ አልነበረውም። ግራዝማች አስረስ ግን ነበረው። ግራዝማች አስረስ ከወንዙ ርቆ፣ ተራራው ላይ የሚኖር ባለጸጋ ነው። አንቱ ልለው በተገባ ነበር፤ አልለውም።

ቢሻው ሄዶ እጅ ነሣ።

«ያበድሩኝ፣ ግራዝማች።»

«አበድርሃለሁ። ወለድም አልጠይቅህ፤ መሬትህ ይከፍለኛል።»

ይህ ወለድ አገድ ይባላል። አበዳሪው ጨውን ይሰጥና መሬቱን ይይዛል። ዋናው እስኪመለስለት ድረስ አዝመራውን እሱ ይበላል፤ ወለዱ አዝመራው ነው። ዋናው ሳይጎድል በአንድ ላይ ካልመጣ መሬቱ አይመለስም። ቢሻው የወንዝ ዳሩን ማሳ አስያዘ፤ አሞሌውን ተሸከመ፤ ቤቱን ሠራ። አያችሁ፣ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ነጋዴዎቹ መጡ። ቤቱ ሞላ። ጭሱ ወጣ። ቢሻው በየሳምንቱ አሞሌ ይዞ ሲገባ ደብሬ እንኳ ደስ አላት፤ ለምን እዋሻለሁ። ይሁንና የወንዝ ዳሩ አዝመራ የግራዝማች ሆኗል። ስለዚህ ድሮ ያመርቱት የነበረውን ጤፍ አሁን በኪራዩ ገዙት። ክዳኑ ሲሳሳ ሣሩን በኪራዩ ገዙት። ጠባቂም ቀጥረው በኪራዩ ቀለቡት። ሰኔ ሲገባ ነጋዴው ሄደ፤ ጭሱም ጠፋ። የቀረችውን አሞሌ ደብሬ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ሰቀለቻት። ጨው ክረምትን የሚያልፈው ጭስ እየጠጣ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

በበጋው ቢሻው እንደገና ወደ መሻገሪያው አየ።

«ጭሱን አየሽ? ቦታ ያጣ ነጋዴ ሜዳ ላይ ያድራል። ሁለተኛ ቤት እሠራለሁ።»

«መጀመሪያ መሬቱን አስመልስ» አለች ደብሬ። «ጡት የያዘ ልጅ በዓመት አንድ ጊዜ አይጠባም። ያንተ ቤት ግን የሚያጠባን በበጋ ብቻ ነው። ደግሞስ የሁለቱን ክዳን ማን ይከድነዋል?»

«ጨው ተቀምጦ አይወልድም፤ ቤት ግን ይወልዳል። ጭሱን አታዪም?»

ሄደ፤ እጅ ነሣ። የኮረብታ ሥሩን ማሳ አስያዘ።

«ወለድ አልጠይቅህ» አለው ግራዝማች፤ «መሬትህ ይከፍለኛል።»

ሁለተኛው ቤት ተሠራ። በበጋ ሁለቱም ሞሉ። አሁን ግን አብዛኛው ጤፍ ከገበያ ነው፤ የሚከደነውም ቤት ሁለት ነው። ኪራዩ በፊት ለፊት በር ገብቶ በጓሮ በር ወጣ። ክረምት ሲመጣ ደብሬ ልጇን አዝላ፣ ኩበት ይዛ ወደ ባዶዎቹ ቤቶች ወረደች።

«ለማን ነው እሳት የምታነጂው?» አለ ቢሻው።

«ለምስጡ። ጭስ ያጣ ቤት የምስጥ ነው።»

«ሰው በማያድርበት ቤት ኩበት አታባክኚ!» አለና ከእጇ ነጠቃት። እሷም ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ቤቶቹ ክረምቱን በጨለማ ከረሙ።

ሦስተኛው በጋ መጣ። አሁን ቢሻው ወደ ጭሱ አላየም። መሬት መሬት እያየ ነው የተናገረው።

«ደብሬ፣ ሁለቱን ማሳ ለማስመለስ የሁለቱ ቤት ኪራይ አልበቃኝም። ሦስተኛና ትልቅ ቤት ከሠራሁ ግን የሦስቱ ኪራይ ዕዳውን ሁሉ ይነቅለዋል። የአባትሽን ርስት ላስይዘው።»

ደብሬ ወደ ጓሮው ማሳ አየች።

«መንገዱ ቢዞርስ?» አለችው።

«የትኛው መንገድ?»

«የነጋዴው። መንገድ እኮ ሥር የለውም።»

«አያቶቻችን ከተወለዱ ጀምሮ በዚህ ነው የሚሻገሩት! ጭሱን አታዪም?»

አለቀሰች። ቀጥላም እሺ አለች። ሁለቱ ማሳዎች ከሄዱ በኋላ እምቢ ማለት ምን ይመስላል? ጉድጓድ የገባ ሰው የወረወሩለትን ገመድ ሁሉ ይይዛል።

በዚህ ጊዜ ግራዝማች አስረስ የአገሩን ሽማግሌ ጠርቶ አንድ ቃል ጨመረበት።

«የሚቀጥለው መስቀል ሲጠባ ዋናው በሙሉ ካልመጣ፣ ሦስቱም ማሳ እንደ ወጣ ይቀራል።»

ሽማግሌው ቢሻውን አየው። ቢሻው ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ በዚህ ታሰረ።

ትልቁ ቤት ተሠራ። ነጋዴው መጣ፤ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። አንዳንዱ ስለ ላይኛው አገር ሥራ ያወራል፤ ድንጋይ ስለሚጠርቡ ሰዎች ያወራል። ቢሻው አልሰማም። ያገኘውን አሞሌ ሁሉ ለግራዝማች ያጠራቅም ጀመር። ደብሬ ቆጥ ላይ እንድትሰቅለው ግን አልፈቀደም። «ቤት ከገባ ትበሉታላችሁ» አለ። ወስዶ ትልቁ ቤት ውስጥ ደርድሮ በሩን ቆለፈው። ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረው።

ሰኔ ገባ። ነጋዴው ሄደ። ማሳ የለ፣ አዝመራ የለ። ደብሬ ቆጥ ላይ የነበራትን ጥቂት ጨው በጤፍ ለወጠች፤ ሐምሌ ላይ አለቀ።

«አንድ አሞሌ ብቻ አውጣልኝ» አለችው። «ጡቴ ደርቋል።»

«እስከ መስቀል ታገሽ። አንድ ከጎደለ ሦስቱም ማሳ ይቀራል።»

ሌላ ቀን ደግሞ ለመነችው። «ግማሽ አሞሌ እንኳ። ልጅቷ አታለቅስም ቢሻው፤ ማልቀስ ትታለች።»

«እስከ መስቀል ታገሽ።»

ዝናቡ ያን ዓመት ሌላ ነበር። ከብት ጠባቂዎች አንድ ነገር አይተው ተገረሙ። ከብቶቹ ሣሩን ትተው ወደ ትልቁ ቤት ይሄዳሉ፤ የግድግዳውን ሥር ይልሳሉ። ቢመቷቸው አይሄዱም። ደጃፉን ጉድጓድ እስኪሆን ላሱት። ሰው ሁሉ ይህን አየ፤ «ከብት ሞኝ ነው» ብሎ አለፈ።

በሦስተኛው ጊዜ ደብሬ አልለመነችም። ልጇን አምጥታ ክንዱ ላይ አስቀመጠችለት። ስንዱ እንደ ባዶ ቅል ቀለለችው። ያኔ ቢሻው ተነሣ፤ በዝናብ እየሮጠ ወረደ፤ ቁልፉን ካንገቱ በጠሰው፤ በሩን ከፈተ።

አሞሌ የለም። ክዳኑ ሲያፈስ ከርሟል። እሳት ያልነደደበት ቤት ነው፤ ጨዉ የሚያደርቀው አጥቶ ቀልጧል። በግድግዳው ሥር እየሰረገ ወጥቶ ከብት በልቶታል። ወለሉ ላይ የቀረው ነጭ ጭቃ ብቻ ነበር። ቢሻው ተንበርክኮ ጭቃውን በነጠላው ዛቀ፤ ቤቱም ይዞት ገባ። ሲገባ ደብሬ ልጅቷን በነጠላ ሸፍናታለች።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይከፋኛል። ብዙ ጊዜ ተርቼዋለሁ፤ አሁንም ይከፋኛል።

ስንዱን ቀበሯት። ቢሻው ከዚያ በኋላ ከምድጃው አጠገብ አልተነሣም። ደብሬ ግን የምትቀመጥበት ጊዜ አልነበራትም። መስቀል እየመጣ ነው፤ የአባቷ ርስት ሊቀር ነው፤ ልጇም የተቀበረችው በዚያ ርስት ጥግ ነው። ያን መሬት ለግራዝማች መተው ልጇን ሁለተኛ መቅበር መሰላት።

ጳጉሜ ላይ አንድ ሲራራ ነጋዴ ብቻውን መጣ። ባለፈው በጋ ትቶት የሄደውን ኮርቻ ሊወስድ ነው።

«እንግዲህ ደህና ሁኚ እህቴ፤ አንተያይም» አላት። «ንጉሡ በላይ በኩል የድንጋይ ድልድይ አሠርተዋል። ሥራው ያለቀው አሁን ነው። ክረምት ከበጋ ያሻግራል። ከእንግዲህ ወደዚህ ማን ይመጣል?»

«ይህን ለማን ነገርክ?»

«ኧረ ለማንም። ገና መምጣቴ ነው።»

«መንገድህን ያቅናልህ» አለችው። ኮርቻውንም ራሷ አሸከመችው።

ከዚያ ወደ ባሏ ሄደች። «ተነሣ» አለችው። «ኩበት ተሸከም። እርጥብ ሣርም አምጣ። ሦስቱም ቤት ውስጥ እሳት እናነዳለን።»

«ሰው የለባቸውም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለማን?»

«ለግራዝማች። እሱ እንዳንተ ነው፤ ጭስ ሲያይ ሰው ያያል።»

ቢሻው አንገቱን ደፋ። ኩበቱን ግን ተሸከመ።

በመስቀል ዋዜማ ግራዝማች አስረስ በበቅሎው ተቀምጦ መጣ። ሽማግሌው በእግሩ ከኋላው አለ። ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ደብሬ መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ቢሻውም ከኋላዋ ቆሟል።

«ዋናው የታለ?» አለ ግራዝማች።

«የለም ጌታዬ። ቀልጧል።»

«እንግዲያማ ሦስቱም ማሳ የኔ ነው።» ይህን ብሎ በቅሎውን ሊያዞር ሲል ቁልቁል አየ። ከሦስቱ ቤት ወፍራም ጭስ ይወጣል። ገና መስቀል እንኳ አልጠባም!

ደብሬ እግሩ ሥር ወደቀች።

«ጌታዬ፣ መሬቱን ይውሰዱ! የአባቴንም ርስት ይውሰዱ! እነዚያን ቤቶች ብቻ ይተዉልኝ፤ ለባሌ የቀሩት እነሱ ናቸው!»

ግራዝማች ጭሱን አየ። እሷን አየ። ዳግመኛ ጭሱን አየ። ሆዳም ሰው የሰጡትን ትቶ የከለከሉትን ይወዳል።

«መሬት መከራ ነው» አለ። «በሬ ይፈልጋል፣ ዘር ይፈልጋል፣ አራሽ ይሰርቃል። ቤቶቹን አምጪ። ማሳዎችሽን ከነአዝመራው ብዪ።»

«አይሆንም ጌታዬ!»

«ይሆናል!»

ሽማግሌው ጣልቃ ገባ። «ግራዝማች፣ ቤት በጭሱ አይገዛም። ይውረዱና ገብተው ይዩት።»

«ቁልቁለቱ ጭቃ ነው፤ በቅሎዬ ትሰበርብኛለች» አለ ግራዝማች። «ደግሞስ ምን አያለሁ? ጭሱን አታዩም?»

ቢሻው ይህን ቃል ሲሰማ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ።

ግራዝማች አስረስ ሽማግሌው ፊት «ንጉሥ ይሙት» ብሎ ማለ። ቤቶቹ የሱ፣ ማሳዎቹ ከነአዝመራቸው የባለርስቶቹ ሆኑ። ነገሩ በዚህ ተፈታ። ደብሬ አልሳቀችም። ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች።

መስቀል አለፈ። ግራዝማች ኪራይ እንዲሰበስብ አሽከሩን ላከ። አሽከሩ ባዶ እጁን ተመለሰ። «ሰው የለም» አለ። እንደገና ላከው። «ሰው የለም፤ አመድ ብቻ ነው» አለ። በሦስተኛው ራሱ ወረደ። የመጀመሪያውን ቤት ከፈተ፤ አመድ ነው። ሁለተኛውን ከፈተ፤ አመድ ነው። ትልቁን ከፈተ። በሩ ላይ ቆሞ ወደ መንገዱ አየ፤ መንገዱ ላይ ሣር በቅሏል። ያኔ ተናደደ። ገባና በዱላው ምሰሶውን መታው።

ምሰሶው ላዩ እንጨት ነው፤ ውስጡ ግን የምስጥ አፈር። ክረምቱን ያለ ጭስ የከረመ ምሰሶ ነው። አንድ ምት በቃው። ወራጁም ማገሩም እርጥቡም ክዳን አብሮ መጣ። ሰዎች ደርሰው ሣሩን ሲያነሡ ግራዝማች አስረስ አይተነፍስም ነበር።

«እሰይ!» አልክ አንተ? እሰይ አትበል። ገና አልጨረስኩም።

ኅዳር ላይ ቢሻውና ደብሬ የራሳቸውን ጤፍ አጨዱ። ጎተራው ሞላ። ደብሬ ከአዲሱ ጤፍ ሸጣ አንድ አሞሌ ገዛች፤ ከምድጃው በላይ ሰቀለች። በዚያን ቀን ደህና አድርጋ ሽሮ ሠራች፤ ጨው ጨመረች፤ አቀረበች። ቢሻው ቆርሶ አጠቀሰ፤ አፉም አደረሰ። ከዚያ እጁን መለሰ።

«ምነው?» አለችው።

«ጨው አለበት።»

«አዎ አለበት። አሁንማ አለን።»

«አልችልም ደብሬ» አለ። «ልጄን የበላሁ ይመስለኛል።»

ከዚያ ጀምሮ ቢሻው እስኪሞት ድረስ ጨው አልቀመሰም። ደብሬም ዕድሜዋን ሙሉ ሁለት ድስት ጣደች፤ አንዱ ጨው ያለው ነው፣ አንዱ የሌለው። «ይቅር አለችው ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ፤ ሁልጊዜ ትጠይቃላችሁ። እኔ ምን አውቄ። ሁለቱን ድስት ግን አንድ ምድጃ ላይ ነበር የምትጥደው።

እና ልጆቼ፣ ስታድጉ ከናንተ መካከል ቤት ሠርቶ ላከራይ የሚል አይጠፋም። ያከራይ፤ ነውር የለበትም። ግን ኪራዩን ሲያሰላ በጋውን ብቻ አይቁጠር። ክረምቱን ይቁጠር፤ ክዳኑን ይቁጠር፤ መንገዱ የሚዞርበትንም ቀን ይቁጠር። የሚበላበትን ማሳ ግን አያስይዝ። የጥንት ሰዎች ይህን ሁሉ አሳጥረው ተናግረውታል፦ የቆጡን አወርድ ብላ፣ የብብቷን ጣለች።

በሉ፣ ተረቴን ወደ ጎተራው መልሱልኝ። ምድጃውን ግን አታጥፉት።